የላስቲክ ትልና የጋሽ ገመዳ ባርኔጣ

እፎይ! እስቲ አንዴ ልድገመው፤ እፎይ! ሰው ሁሉ ይህችን ቃል ጫማውን ሲያወልቅ ወይም ከተጨናነቀ ሚኒባስ ሲወርድ በነጻ ይላታል። እኔ ግን ለፍቼባታለሁ። ለእሷ ስል የጎረቤት አውራ ዶሮ አጥምጃለሁ፣ የሰው ባርኔጣ አጥምጃለሁ፣ ስሜን ቀይሬያለሁ፣ የአፍንጫዬ ቆዳ በባቱ ፀሐይ ተልጦ አልቋል። «ዓሣውስ?» እንዳትሉኝ፤ እሱ ጋ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

ነገሩ የጀመረው በፍቅር ነው። ሰው ከሚያብድባቸው ነገሮች ብዙዎቹ የሚጀምሩት እዚያው ነው። እኔ አዳማ ውስጥ የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከውሃ ጋር ያለኝ ዝምድና በቧንቧ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ቦንቱ ደግሞ የባቱ ልጅ ናት፤ አዳማ የመጣችው ለነርስነት ሥራዋ ነው። ሱቄ መጥታ የሻወር ዕቃ ገዛችኝ፤ ሳይሰነብት ማንጠባጠብ ጀመረና ልትጣላኝ ተመልሳ መጣች። በሕይወቴ መናኛ ዕቃ መሸጤ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ተጣላን፣ ታረቅን፣ ተዋደድን።

ፍቅራችን ሲበስል፣ «እንግዲህ ሽማግሌ ልላክ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው?»

«አባዬን አታውቀውም» አለችኝ።

አባቷ ጋሽ ገመዳ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በከባድ መኪና ሞያሌ ሲመላለሱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሥራቸው እሑድ እሑድ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ ማጥመድ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሌላ መዝናኛም የላቸው። ከእኔ በፊት አንድ የባንክ ሠራተኛ ለቦንቱ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጋሽ ገመዳ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አብልተው፣ አጠጥተው፣ «ልጁ መልካም ነው፤ ግን አንድ ቀን ሻይ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ሳይቀዘቅዝ ነው የሚጨልጠው። ዓሣ መጠበቅ የማይችል ሰው ትዳር አይጠብቅም» ብለው መለሷቸው።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ሻይ ማቀዝቀዝ ጀመርኩ። ግን ሻይ ማቀዝቀዝ ብቻውን ሙያ አይደለም። ሽማግሌዎቼ ባቱ ደርሰው፣ «ልጃችን ዓሣ አጥማጅ ነው» ቢሉልኝስ? እንዳይዋሹ ደግሞ እውነት መሆን አለበት። ስለዚህ ልማር ብዬ ቆረጥኩ። ዓሣ ማጥመድ ምን ከባድ ነገር አለው? ዓሣ እኮ ነው፤ አይናገር፣ አይሮጥ፣ ትምህርት ቤት አልገባ! አያችሁ፣ ሰው ሊዋረድ ሲል የሚናገረው እንዲህ ነው።

ታምራት የሚባል ደቡብ አፍሪካ ቆይቶ የተመለሰ ጓደኛ አለኝ። ነገሩን ስነግረው የራሱን የማጥመጃ ዘንግ አዋሰኝና አንድ እሽግ የላስቲክ ትል መረቀልኝ። ለስላሳ ናቸው፤ ቀይ አሉ፣ አረንጓዴ አሉ፣ ብልጭልጭ ያለባቸውም አሉ። ሆዳቸው ውስጥ መንጠቆ ይሰካል። ውሃ ውስጥ ሲጎተቱ ጅራታቸው ይውረገረጋል፣ ዓሣው እውነተኛ ትል መስሎት ይጎርሳል። «ሙቀት ያቀልጣቸዋል፣ ተጠንቀቅ» አለኝ ታምራት። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ወስጄ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

ከሱቅ ስመለስ እማዬ ግቢው መሀል ቆማ አገኘኋት። ትሎቹን በሰሃን አድርጋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ከሩቁ ጠበል ትረጫቸዋለች።

«ልጄን ምን አስነኩብኝ!» አለች ሳታየኝ። ከዚያ አየችኝና፣ «አትጠጋ! ፍሪጃችን ውስጥ መተት ጥለውብን ሄደዋል። ያውም ቀዩ ይንቀጠቀጣል!»

«እማዬ፣ የእኔ ናቸው። ለዓሣ ነው።»

«ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ዓሣውን ሳይሆን ዓሣው የሚበላው…»

«ለዓሣ ቀለብ ልትሰፍር ነው እንግዲህ? የተማረ ልጅ አለኝ እያልኩ!»

አስረዳኋት። ከተረዳችም በኋላ መርጨቷን አላቆመችም፤ «ምንም ይሁን ምን፣ ጠበል አይጎዳውም» አለች። በዚህ ዓይነት ትሎቼ ወደ ሥራ ሳይሰማሩ ተባረኩ።

በማግሥቱ ግቢያችን ውስጥ ልምምድ ጀመርኩ። ማንም እንዳይጎዳ ከትሉ ላይ መንጠቆውን አወጣሁ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሠራኋቸው ጥቂት ብልህ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ዘንጉን ወደ ኋላ ወስጄ ወደ ፊት ስወረውር ትሉ አጥሩን ተሻግሮ ከጎረቤታችን ከጋሽ ሽፈራው ግቢ ገባ። ዘንጉ ላይ ያለውን የክር መጠቅለያ ማዞር ስጀምር ክሩ ከበደኝ። ጭራሽ ጎተተኝ!

«ያዘ! ያዘ!» ብዬ ጮህኩ። ምን እንደያዘ መጠየቅ ትዝ አላለኝም።

የጋሽ ሽፈራው አውራ ዶሮ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። ትሉን በአፉ ነክሶ፣ ክንፉን እያርገበገበ፣ ጮኾ እንዳይናገር አፉ ተይዞበት በዓይኑ ይሰድበኛል። ቢለቀው እኮ ነጻ ነው። አለቅም አለ። እኔም ዘንጉን ብጥል ይገላገላል፤ እኔም አለቅም አልኩ። ከኋላው የጋሽ ሽፈራው ራስ ብቅ አለ።

«አንተ ልጅ! ዶሮዬን በአየር ነው የምትሰርቀው?»

ጋሽ ሽፈራው የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሽምግልናው እንዲመሩልኝ ልለምናቸው ያሰብኳቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ዓሣ ማጥመድ እየተማርኩ ነው።»

«እኔ ግቢ ሐይቅ አይተሃል?»

አጥሩ ላይ እንዳለን፣ ዶሮው በመካከላችን ትሉን እንደነከሰ፣ የያዝኩትን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። ሽማግሌ የሚለመነው ነጭ ለብሶ፣ እጅ ነስቶ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እሺ፣ እሄድልሃለሁ» አሉ። «ዓሣ በማጥመድህ ግን ምስክር አልሆንም። በዶሮ ከሆነ እመሰክራለሁ።»

ምስክር ካስፈለገ እንግዲህ ወደ ውሃው መሄድ አለብኝ። ችግሩ ልማዱ ነው። ሽማግሌ ሳይደርስ ልጅ የሚጠይቅ ሰው በሴቲቱ ሰፈር መታየት ነውር ነው፤ በአባቷ ዓይን ፊት መቆም ደግሞ ከነውርም ነውር። ቦንቱም አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች። እኔ ግን አስቤበታለሁ፤ ጋሽ ገመዳ የሚወርዱት እሑድ ነው፣ እኔ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ብልሃቴ አስደስቶኝ ስቄ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንጌን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ፣ «ይሄ አንቴና የማነው?» አለ። ሞጆ እስክንደርስ አንዲት እናት ሻሻቸው ሁለት ጊዜ ዘንጉ ላይ ተሰቅሎባቸዋል፤ መቂ ስንደርስ ተለማምደውት ራሳቸው ያወርዱት ነበር። ባቱ ወርጄ ባጃጅ ይዤ ወደ ውሃው ሄድኩ። ቡልቡላ ወንዝ ከሐይቁ ተገንጥሎ የሚወጣበት፣ ውሃው ሐይቅ ልሁን ወንዝ ልሁን ብሎ የሚያመነታበት ቦታ አለ። ታምራት «እንደዚያ ያለ ቦታ ላይ ዓሣ አይጠፋም» ብሎኛል። ደንገሉ ጥቅጥቅ ብሏል፤ ራሰ በራዎቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ በረጃጅም እግራቸው ቆመው የዓሣ ትራፊ ይጠብቃሉ፤ ፈንጠር ብሎ ሴቶች ዓሣ ይጠብሳሉ። ዳር ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት የገለባ ባርኔጣ አድርገዋል።

ባርኔጣውን አወቅኩት። ቦንቱ ፎቶውን አሳይታኛለች። እናቷ ከማረፋቸው በፊት ከሻሸመኔ ገበያ ለባላቸው የገዙት የመጨረሻ ስጦታ ነው፤ ጋሽ ገመዳ ከቤት ከወጡ ቤተ ክርስቲያን ካልገቡ በቀር አያወልቁትም።

ቅዳሜ እኮ ነው! ዞሬ ልሄድ ስል አዩኝ።

«አካም ቡልቴ?» አሉኝ።

«ፈያ… እርስዎስ?» አልኩ፤ ቦንቱ ካስተማረችኝ ኦሮምኛ ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

«ና፣ ቦታ አለ። እኔ የእሑድ ሰው ነበርኩ፤ ነገ የእድር ስብሰባ ስላለብኝ ዛሬ መጣሁ።»

አዳማ ላይ የእድር ዳኛ ለምኜ ባቱ ላይ በእድር ስብሰባ ተያዝኩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ አልቀመጥም ብል ይጠረጥሩኛል።

«ከየት ነህ?»

«ከአዳማ።»

«ስምህ ማነው?»

የራሴን ስም ብናገር በሚመጣው ሳምንት ሽማግሌዎቼ ያንኑ ስም ይዘው ደጃቸው ሊቆሙ ነው። «ያ ሳይላክ የመጣው ዓይን አውጣ!» ሊሉ ነው። ስለዚህ በጨነቀኝ ሰዓት አፌ ላይ የመጣውን ስም ጠራሁ።

«ታምራት።»

«ታምራት ማን?»

«ታምራት ልሳነወርቅ።»

«ልሳነወርቅ ማን?»

«ልሳነወርቅ ይነሡ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። ልሳነወርቅ አባቴ ነው! ይነሡም አያቴ ነው! ሰው የራሱን ስም ድንገት መዋሸት ይችላል፤ አባቱና አያቱ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ ሳይታዘዝ ይሄዳል። አባቴ ተስፋዬ ወይም ከበደ ቢባል እንኳ በሺህ ሰው መሀል እደበቅ ነበር።

«ልሳነወርቅ ይነሡ…» አሉ ጋሽ ገመዳ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ስም ሰምቼ አላውቅም።»

እኔም ከአባቴ በስተቀር ሰምቼ አላውቅም። የልቤን ምት አባ ኮዳዎቹ ሳይሰሙት አይቀሩም።

ወሬ ለማስቀየር እሽጌን ፈታሁ። ጋሽ ገመዳ ቀዩን ትል በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ተመለከቱት። ጅራቱ ይውረገረጋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዓሣ ማባበያ ነው።»

«ላስቲክ ነው እንዴ? ውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጡር እንግዳ ሆነህ ሄደህ ላስቲክ ታቀርብለታለህ?» ሳቁ። እሳቸው የሚጠቀሙት በመንጠቆ ላይ የተድበለበለ ሊጥ ነው። ቢሆንም ደግ ሰው ናቸው፤ ትሉን መንጠቆ ሰክቼ ክሩ ላይ ሳስረው ዘንጉን ተቀብለው ወረወሩት፣ ትሉ እስኪሰምጥ ጠበቁ፣ ትንሽ ሳብ አደረጉ፣ ተዉት። «ሕያው እንዲመስል አንቀሳቅሰው፤ ግን አታስቸኩለው። ሲነካው ደግሞ እንዳትመነትፍ። አንተ ሰው ስታጎርስ፣ ጉርሻው አፉ ሳይገባ እጅህን ትጎትታለህ?»

«አልጎትትም።»

«በቃ። ይጉረስ። ሲጎርስ ያን ጊዜ ነው። ደግሞ እግርህን ውሃ ውስጥ እንዳትከት፤ ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ አለ።»

ዘንጉን ተቀበልኩ። አማቴ ሊሆኑ የሚችሉት ሰው እያዩኝ ነው። አሁን ነው ሙያ የሚታየው ብዬ ተነሣሁ፣ ዘንጉን ወደ ኋላ ወሰድኩ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ሲሄድ ከበድ አለኝ። ቀና ስል ትሉ በሰማይ ይበራል፤ ከትሉ ጋር ባርኔጣ ይበራል። ዞር ስል ጋሽ ገመዳ ራሳቸውን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

ባርኔጣው ሐይቁ ላይ አረፈ። ነፋሱ ወደ ደንገሉ ገፋው። አንድ አባ ኮዳ ሊመረምረው ሁለት እርምጃ ቀረበ።

ጋሽ ገመዳ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ድንጋያቸው ላይ እንደተቀመጡ ባርኔጣውን ብቻ ያያሉ። እኔ ያ ባርኔጣ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደማውቅ ግን መናገር አልችልም፤ እኔ ታምራት ነኛ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ቦንቱን ማጣቴ ሳይሆን የሰውየው ዝምታ ነው ያስለቀሰኝ።

መንጠቆው የያዘው ጥብጣቡን ነው። ጠንከር አድርጌ ብስብ ጥብጣቡ ይቀደዳል፣ ባርኔጣው ለጉማሬው ይቀራል። ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ሥራቸውን ትተው መጡ።

«ሳበው!» አለች አንዷ።

«ኧረ እንዳትስበው!» አለች ሌላዋ።

«የኔ ልጅ፣ በጥሰህ ሂድ፤ ባርኔጣ ሌላ ይገዛል» አሉኝ ትልቋ።

መበጠስ እችል ነበር። በጥሼ፣ ይቅርታ ብዬ፣ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ብገባ ማን ያገኘኛል? ጥፋተኛው ታምራት ነው፤ ታምራት ደግሞ አዳማ ተኝቷል። ሰይጣን ይህን በጆሮዬ እየነገረኝ ቁጭ አልኩ። ክሩን በጣቴ ይዤ ትንሽ ሳብኩ፤ ደንገሉ ያዘው። ተውኩት። ነፋሱ ሲዞር ትንሽ ሳብኩ። ተውኩት። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ሴቶቹ ሰልችቷቸው ወደ ዓሣቸው ተመለሱ። ጉማሬው አንዴ ብቅ ብሎ አፉን ከፍቶ አየንና ናቀን። ጋሽ ገመዳ ራሰ በራቸውን በመሀረብ ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የተናገሩት አንዲት ነገር ብቻ ናት።

«ይጉረስ፣ ይጉረስ።»

ባርኔጣው እግራችን ሥር ሲደርስ የምሳ ሰዓት አልፏል። በሁለት እጄ አንስቼ አቀረብኩላቸው። ርሷል፣ ግን ደኅና ነው። ቀዩ ትል ጥብጣቡ ላይ ከነመንጠቆው ተሰክቷል። ልነቅለው ስል እጄን ያዙኝ።

«በእርጥቡ ከነቀልከው ይቀደዳል። ይቆይ።»

ክሩን ብቻ ከትሉ አፍ ላይ ቆረጥንና ባርኔጣውን ከነትሉ አደረጉት። ትሉ ግንባራቸው ላይ ይወዛወዛል። መሳቅ አልደፈርኩም። ስሰናበታቸው እጄን ጨብጠው ትንሽ አቆዩኝ።

«መልካም መንገድ፣ ታምራት። ለአባትህ ለልሳነወርቅ ሰላም በልልኝ።»

ከባቱ እስከ አዳማ ያን ሰላምታ ሳመነዥግ መጣሁ።

ቤት ስደርስ ለቦንቱ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ እስክትታነቅ ሳቀች። ስለ ስሙ ስነግራት ሳቋ ቆመ።

«ስምህን ዋሸኸው?»

«ምን ላድርግ፣ ጨነቀኝ!»

«አባዬ ሁሉን ይታገሳል፣ ውሸት ግን አይችልም። ረዳቱን ‹ጎማውን አይቼዋለሁ› ብሎ ስለዋሸው ያቤሎ መንገድ ላይ አውርዶት የሄደ ሰው ነው። ሄደህ እውነቱን ንገረው።»

«ሽማግሌ ሳይደርስ? ነውር አይደለም?»

«ባርኔጣውን ሐይቅ ከከተትክ በኋላ ነው ነውር የታወሰህ?»

ቀኑ ተቆርጧል፣ ሽማግሌዎቹ ተለምነዋል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ወደ ጋሽ ሽፈራው ሄድኩ። ዶሮው ሲያየኝ ወደ ጓዳ ገባ።

«ጋሼ፣ ባቱ ስትደርሱ የአባቴን ስም ሳትጠሩ ነገሩን ማሳለፍ ይቻላል?»

«የአባትህን ስም ካልጠራን ምን ልንላቸው ነው? ከቧንቧ የወጣ ልጅ አለን እንበል? እነሱ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሊቆጥሩ ነው የሚቀመጡት!» አሉና ፊቴን አዩ። «ምን አድርገሃል ደግሞ?»

«ምንም» አልኩ። ሁለተኛ ውሸት።

የሚቀጥለው እሑድ ደረሰ። ጋሽ ሽፈራውና ሁለት ጓደኞቻቸው ነጭ ለብሰው በጠዋት ሄዱ። በልማዱ እኔ ቤት ነው የምቀመጠው። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ፣ ሱቄን ከፍቼ ዘጋሁ፣ እማዬን አምስት ጊዜ «ስልኬ ጠራ?» አልኳት። ቦንቱም ቤታቸው ስለሄደች ስልኳን አታነሳም። ጋሽ ገመዳ ግንባራቸው ላይ ቀይ ትል አንጠልጥለው፣ «ልሳነወርቅ ይነሡ?» ሲሉ ይታየኛል። ያቤሎ መንገድ ላይ የቀረውን ረዳት አሰብኩት። ምስኪን፣ ማን አሳፍሮት ይሆን?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ሽማግሌ ፊቱ አይነበብም። ጋሽ ሽፈራው ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አላሉ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ።

«መቂ ላይ ሽንኩርት ረክሷል» አሉ።

«እውነትዎን ነው?» አለች እማዬ፣ የኔዋ እናት!

«ጋሼ…» አልኩ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። መንገዱም ደኅና ነው። ቤታቸው ደረስን። እንደ ወጉ በር ላይ ቆምን። ‹ግቡ፣ ተቀመጡ› አሉን። ‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› አልናቸው። ‹ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል› አልኩ። ‹የማን ልጅ ነው?› አሉ። እንግዲህ ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ጠራሁ።»

ወንበሩን ያዝኩ።

«ሰውየው ተነሡ። ከግድግዳው ላይ አንድ ባርኔጣ አወረዱ። እንዲህ ያለ ባርኔጣ አይቼ አላውቅም፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ትል አለበት። ‹ይህ ልሳነወርቅ ታምራት የሚባል ልጅ አለው?› ብለው ጠየቁን። ‹የለውም፣ ወንድ ልጁ አንድ ይኸው ነው› አልን። ‹እንደዚያ ከሆነ ልጃችሁ ዋሽቶኛል› አሉ።»

እማዬ በደረቷ ላይ አማተበች። እኔ መተንፈስ ተውኩ።

«ከዚያ» አሉ ጋሽ ሽፈራው፣ ውሃቸውን ደግመው ጠጥተው፣ «ከዚያ ሳቁ። ‹ከአዳማ ድረስ ስሙን ደብቆ ወደዚህ ውሃ የሚመጣ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ያኔውኑ ጠርጥሬያለሁ፤ እኔም ሴት ልጆች እንዳሉኝ አልረሳሁም› አሉ። ‹በመኪና ሥራ ዘመኔን ሙሉ የማይዋሽ ሰው ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። ይሄ ልጅ ግን ሊዋሽ ተነሥቶ አባቱ ስም ላይ ሲደርስ አቃተው። መዋሸት የማያውቅበት ሰው ካገኘሁ ይበቃኛል። ክሩን በጥሶ መሄድም ይችል ነበር፤ ስሙ እንኳ የሱ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ጠበቀ› አሉና…»

«አሉና?»

«‹ተቀመጡ› አሉን። ተቀመጥን። በላን።»

ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ ተቀመጡ ማለት ልጅቷ ተፈቀደች ማለት ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው፤ በመሀሉም፣ «ብዬህ አልነበር? ጠበሉ ነው! ትሉን የረጨሁበት ጠበል ነው!» ትላለች። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ያቺን ቃል ያኔ ነው ያልኳት። እፎይ! ደስታ እንዲህ እግር የሚያሳጣ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጋሽ ገመዳ አንድ ነገር አዘው ነበር፤ «መንጠቆውን የሰካው እሱ ነው፣ መጥቶ እሱ ይንቀለው።» በሳምንቱ እሑድ፣ አሁን በሕጋዊ መንገድ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ወደ ውሃው ወረድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስል አቅፈው ሳሙኝ። «ና፣ ታምራት» አሉኝ። ቤተሰቡ ሁሉ ታምራት ነው የሚለኝ፤ ቦንቱም ጭምር። ይገባኛል፤ «አቤት» አልኩ።

ከሱቄ ያመጣኋትን ትንሽ ፒንሳ አውጥቼ ባርኔጣውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ጥብጣቡ ደርቋል፤ ቀስ ብዬ መንጠቆውን ማላላት ጀመርኩ። እጃቸውን ጫኑብኝ።

«ተወው።»

«ተፈልጌ የመጣሁት ለዚሁ አልነበረም?»

«ነበር። ግን ሳስበው ይጠቅመኛል። ገና ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ የሚመጣው ሁሉ ይህን አይቶ ይምጣ።»

አረንጓዴውን ትል አዘጋጅቼ ለመወርወር ስነሣ ባርኔጣቸውን ፈጥነው አንስተው ከኋላቸው ደበቁት። ወረወርኩ። ትሉ ውሃው መሀል ወደቀ። እስኪሰምጥ ጠበቅኩ፣ ትንሽ ሳብ አደረግኩ፣ ተውኩት። ቆይቶ ክሩ ነዘር አለ። እጄ ሊመነትፍ ከትከሻዬ ተነሣ።

«ይጉረስ» አሉ ጋሽ ገመዳ ከጎኔ፣ ቀስ ብለው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም ጠሩኝ፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። እኔም እጄን መልሼ ጠበቅኩ።